ሳይታወቅ ወደ ማኅፀን የሚገባው ጠላት
በእርግዝና ጊዜ የሚይዝ ቫይረስና የሕፃኑ አንጎል

(የቤተሰብ ዓምድ)

ቡሪ በካርቱም ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል በጥቁር ዓባይ ዳር የሚገኝ ሠፈር ነው። ከጣና ተነሥቶ ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው ውሃ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመቀላቀሉ ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያ ሠፈር ጎን ያልፋል። በካርቱም ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን መካከል በዚያ ሠፈር በሰው ቤት ሠርተው፣ ቡናና ሻይ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በፈነዳ ጊዜ ብዙዎቹ ንብረታቸውን ጥለው፣ ልጆቻቸውን አዝለው በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ከነዚህ ተመላሾች አንዷ ዛሬ በሠፈራችን የምትኖር የአንድ ባልደረባችን ባለቤት ናት። ስሟን መግለጽ አያስፈልግም። ባሏ ወደ ሠራዊቱ የተቀላቀለው ከስደት ከተመለሱ በኋላ ነው። ቡሪ ሳሉ የተወለደው የበኩር ልጃቸው አይሰማም። ይህን ያወቁት ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ከጀርባው ድስት ወድቆ ሲጮህ ዞር ብሎ ሳያይ በቀረበት ቀን ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ እናቲቱ ዕረፍት አላገኘችም። በቡና ላይ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ከፊሎቹ «የሰው ዓይን ነው» ሲሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ «ነፍሰ ጡር ሳለች ማታ ማታ ወንዝ ዳር ስትሄድ ለክፏት ነው» ይላሉ። የባሏ ዘመዶች ነገሩን ወደ እርሷ ምግባር አዞሩት። ባልየውም ቃል ባይናገርም ዝምታን አበዛ። አሁን ሁለተኛ ልጅ ፀንሳ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወደ ቢሮ መጣችና ቆማ፣ «መቶ አለቃ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄን እንዲህ ያደረግሁት እኔ ነኝ? ይህኛውስ እንዲያው ይሆንብኝ ይሆን?» ስትል ጠየቀች።

ይህ ጸሐፊ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መልስ በእጁ አልነበረውም። ስለዚህ ወደ ጤና ባለሙያዎች ሄደ፤ መጻሕፍትንም መረመረ። የአንዲት እናት ጥያቄ የብዙዎች ጥያቄ ነውና ያገኘነውን መልስ በዚህ ዓምድ ለሠራዊቱ አባላትና ለባለቤቶቻቸው እናቀርባለን። የተጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንጎል በማኅፀን ሲገነባ

የሰው አንጎል በአንድ ቀን የሚፈጠር አካል አይደለም። በተፀነሰ በአራተኛው ሳምንት ገደማ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው ቱቦ ተገጥሞ ይዘጋል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች መፀነሳቸውን እንኳ ገና በእርግጥ አላወቁም። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የነርቭ ሕዋሳት በብዛት እየተፈጠሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጓዛሉ፤ እያንዳንዱም የተመደበለትን ቦታ ይይዛል። ቦታ ከያዙም በኋላ እርስ በርሳቸው መስመር ይዘረጋሉ። የአዋቂ ሰው አንጎል 86 ቢልዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ የማሰብ፣ የመናገርና የማስታወስ መቀመጫ የሆነው የላይኛው ክፍል ሕዋሳት በአብዛኛው የሚፈጠሩት ሕፃኑ በእናቱ ማኅፀን ሳለ ነው።

ስለዚህ ጉዳት የደረሰበት ጊዜ ከፍተኛ ልዩነት ያመጣል። ቤት ሲሠራ ምሰሶ በሚተከልበት ቀን የደረሰ ጎርፍ መሠረቱን ይንደዋል፤ ጣራው ከተመታ በኋላ የመጣ ጎርፍ ግን ደጃፉን አጨቅይቶ ሊያልፍ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የገባ ቫይረስ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ሆኖም አንጎል እስከ መጨረሻው ወር፣ ከልደትም በኋላ ማደጉን ስለሚቀጥል ፈጽሞ ከስጋት ነፃ የሆነ ወር የለም።

እንግዴ ልጅ፤ የማኅፀን ዘብ

በእናቲቱና በጽንሱ መካከል የቆመው ዘብ እንግዴ ልጅ ነው። ምግብና አየር ያሳልፋል፤ ብዙውን ጀርም ግን ያግዳል። ተራ ጉንፋን የያዛት ነፍሰ ጡር ሁሉ ጉዳት ያለበት ልጅ የማትወልደውም ይህ ዘብ በሥራው ላይ ስላለ ነው። ነገር ግን ዘቡን አልፈው የሚገቡ ጥቂት ቫይረሶች አሉ።

ቫይረስ በራሱ የሚራባ ፍጥረት አይደለም። በሕያው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ፣ ያንኑ ሕዋስ አስገድዶ ራሱን ያባዛል። ጉዳቱም በሁለት መንገድ ይደርሳል። አንደኛው፣ ወደ ጽንሱ ዘልቆ በመከፋፈል ላይ ያሉትን የአንጎል ሕዋሳት ሲገድል ወይም መባዛታቸውን ሲገታ ነው። ሁለተኛው፣ ቫይረሱ ጽንሱ ዘንድ ባይደርስ እንኳ የእናቲቱ ጽኑ ትኩሳትና የእንግዴ ልጁ መቆጣት ለጽንሱ የሚደርሰውን ምግብና አየር ሲያውኩት ነው።

ከጦር ሠፈር ወደ ቤት የገባ በሽታ

ይህ እውቀት የተገኘበት ታሪክ በተለይ ለወታደር ቤተሰብ ትልቅ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1940 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት በአውስትራልያ ሩቤላ የተባለው በሽታ ተዛመተ። ብዙ ወጣቶች ተጨናንቀው በሚሠለጥኑባቸው የጦር ሠፈሮች ውስጥ በሽታው በቀላሉ ይተላለፍ ነበር። ፈቃድ አግኝቶ ወደ ቤቱ የሄደው ወታደርም በሽታውን ለሚስቱ አደረሰ። ሩቤላ ኩፍኝን የሚመስል፣ ግን ቀለል ያለ፣ ሽፍታው በሦስት ቀን ገደማ የሚጠፋ ሕመም በመሆኑ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በሲድኒ ከተማ የዓይን ሐኪም የነበሩት ኖርማን ማክአሊስተር ግሬግ የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ከወትሮው በዝተው ወደ እርሳቸው መምጣታቸውን አስተዋሉ። እናቶቹን ቢጠይቁ አብዛኞቹ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ወራት ሩቤላ ይዟቸው እንደነበር ነገሯቸው። ግሬግ በ1941 ባቀረቡት ጥናት ከ78 ሕፃናት መካከል የ68ቱ እናቶች በሽታው ይዟቸው እንደነበር ገለጹ። በውጭ አገር የነበሩ አንዳንድ ሐኪሞች በመጀመሪያ ነገሩን በጥርጣሬ ቢያዩትም ሕፃናቱ ሲያድጉ ብዙዎቹ የማይሰሙ ሆነው ተገኙ፤ የጭንቅላታቸው መጠን ያነሰና አእምሯቸው ዘግይቶ የሚያድግም ነበሩ። እንዲህ ሆኖ፣ እናትን ለሦስት ቀን ብቻ የሚያሳምም በሽታ የልጅን ዕድሜ ሙሉ ሊጎዳ እንደሚችል ዓለም አወቀ። መንገዱን የከፈተው ሐኪም የእናቶችን ቃል ከልብ ማድመጡ ነው።

በ1964ና በ1965 በአሜሪካ በተነሣው የሩቤላ ወረርሽኝ 12.5 ሚልዮን ሰዎች ሲያዙ 20,000 ያህል ሕፃናት የበሽታውን ጉዳት ይዘው ተወልደዋል። ከነዚህም 12,000ው የማይሰሙ፣ 3,500 የሚበልጡት ማየት የተሳናቸው፣ 1,800ው የአእምሮ ዕድገት ጉድለት ያለባቸው ነበሩ። አንዲት ሴት በእርግዝናዋ መጀመሪያ ላይ በሩቤላ ከተያዘች ቫይረሱ ወደ ጽንሱ የመተላለፉ ዕድል ከ100 እስከ 90 ይደርሳል፤ ወራቱ እየገፉ ሲሄዱ አደጋው እየቀነሰ ይሄዳል። የበሽታው ተንኮል ደግሞ ከሚያዙት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ምንም ሽፍታ ሳይታይባቸው ማለፋቸው ነው። ሽፍታ የሚወጣበትም ሰው ሽፍታው ከመታየቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል።

መልካሙ ዜና ሩቤላ በክትባት የሚሸነፍ መሆኑ ነው። ክትባቱ በአሜሪካ በ1969 ተፈቀደ፤ በ2015ም የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ አገሮች በሙሉ ከነባር የሩቤላ ሥርጭት ነፃ መውጣታቸው ተረጋገጠ። ክትባቱ ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሚሠራ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። የምትከተብ ሴት ከመፀነሷ በፊት መከተብና ቢያንስ አንድ ወር መቆየት ይገባታል።

ሌሎቹ ጠላቶች

ከእናት ወደ ጽንስ ከሚተላለፉት ቫይረሶች በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ሳይቶሜጋሎቫይረስ የተባለው ነው። በአሜሪካ ከሚወለዱ 200 ሕፃናት አንዱ ይዞት ይወለዳል፤ ይዘውት ከሚወለዱትም ከአምስቱ አንዱ ገደማ ዘላቂ ጉዳት ይደርስበታል። የመስማት ጉድለት ዋነኛው ጉዳቱ ነው። ቫይረሱ በትናንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ከፍ ያለ ልጅ ያላት ነፍሰ ጡር የልጁን ትርፍራፊ ከመብላት፣ በአንድ ማንኪያ ከመጉረስና አፉን ከመሳም ብትቆጠብ፣ ሽንት ጨርቁን ከለወጠች በኋላም እጇን በሳሙና ብትታጠብ አደጋውን ትቀንሳለች። ይህ ልጅን መጸየፍ ሳይሆን ገና ላልተወለደው ወንድሙ መጠንቀቅ ነው።

ዚካ የተባለው ቫይረስ በመጀመሪያ የተገኘው በ1947 በኡጋንዳ፣ ስሙን በወሰደበት በዚካ ጫካ ነው። ለብዙ ዓመታት ቀላል በሽታ ተብሎ ሲታለፍ ቆይቶ በ2015 በብራዚል ጭንቅላታቸው እጅግ ያነሰ ሕፃናት በብዛት መወለድ ሲጀምሩ ክፉ ባሕርይው ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም በየካቲት 1 ቀን 2016 አስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ዚካ ዒላማው የነርቭ ሕዋሳት የሚመነጩባቸው እናት ሕዋሳት ናቸው። በግንኙነትም ከወንድ ወደ ሴት ይተላለፋል። ስለዚህ በሽታው ካለበት አገር ከግዳጅ የተመለሰ ወታደር ሚስቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ድረስ ኮንዶም መጠቀም ይገባዋል።

ዚካን የምታስተላልፈው ትንኝ ደንጊንና ቺኩንጉንያንም ታስተላልፋለች። ይህች ትንኝ ከወባ ትንኝ ትለያለች። የምትናከሰው በቀን ሲሆን፣ የምትራባውም በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በአሮጌ ጎማና ባልተከደነ እንስራ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። በካርቱም በየደጃፉ ለመንገደኛ ጥም የሚቀመጠው ዚር የተባለው ጋን ሳይከደን ሲቀር ለእርሷ የተመቸ ማደሪያ ይሆናል። ደንጊ በ2023 መጀመሪያ ላይ በካርቱም ታይቷል። በአገራችንም ድሬዳዋ በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አስተናግዳለች። እናት በምትወልድበት ሰሞን በቺኩንጉንያ ከተያዘች በሽታው ወደ ሕፃኑ አልፎ አንጎሉን ሊያሳብጥ ይችላል።

ከሱዳን ሳንወጣ አንድ ሌላ ማስረጃ እንጨምር። በፖርት ሱዳን ሆስፒታል በ2011ና በ2012 ትኩሳት ይዟቸው የመጡ 130 ነፍሰ ጡሮች ተመርምረው ነበር። 28ቱ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው ቫይረስ ተገኘባቸው፤ ከነርሱም 15ቱ አስወረዳቸው። ቫይረሱ ካልተገኘባቸው 102 ሴቶች መካከል ያስወረዳቸው 12 ብቻ ናቸው። ይህ ጥናት የመዘነው የጽንሱን ሕይወት እንጂ አንጎሉን አይደለም። ቢሆንም የነፍሰ ጡር ትኩሳት «የበረሃ ሙቀት ነው» ተብሎ የሚታለፍ አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል። በሽታው በትንኝ ብቻ ሳይሆን የታመመ ከብት፣ በግና ፍየል ሲታረድ ወይም ሲጨነግፍ ከደሙና ከፈሳሹ ጋር በመነካካትም ይተላለፋል። በሽታው በሚታይበት አገር ነፍሰ ጡር ሴት ከእርድና ከከብት ማዋለድ ሥራ ትራቅ፤ ወተትም ተፈልቶ ይጠጣ።

ኤች.አይ.ቪ.ም ሊዘነጋ አይገባም። ሕክምና ሳያገኝ የቀረ ሕፃን አንጎሉ በዚህ ቫይረስ ሊጎዳ ይችላል። እናቲቱ በጊዜ ተመርምራ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች ግን ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል እጅግ አነስተኛ ይሆናል።

ከእናት ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ የነፍሰ ጡር ክትትል በጊዜ ይጀመር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን ይመክራል። ሆድ እስኪገፋ መጠበቅ የአንጎል መሠረት ከተጣለ በኋላ መድረስ ነው።

ሁለተኛ፣ ትኩሳትና ሽፍታ አይደበቅ። በቆላማ ሥፍራ ትኩሳት ወባም ሊሆን ይችላልና የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ሽፍታ የታየባት ነፍሰ ጡር የጀመረበትን ቀንና ስንተኛ ወሯ እንደሆነ ለባለሙያ ትንገር፤ ብትችል በጽሑፍ ታኑረው። ካለ ባለሙያ ትእዛዝ መድኃኒት አትውሰድ።

ሦስተኛ፣ የውሃ ዕቃ ይከደን፤ በየሳምንቱም ተፈትጎ ይታጠብ። አጎበር በቀን ለሚተኛም ሰው ያገለግላል።

አራተኛ፣ የሚሰጣት የፎሊክ አሲድና የአይረን እንክብል ሳይቋረጥ ይወሰድ። ቫይረስን ባይከላከልም ፎሊክ አሲድ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቱቦ በትክክል እንዲዘጋ ይረዳል፤ ይህም ከመፀነስ በፊት ቢጀመር ይበልጥ ይጠቅማል።

ከወታደሩስ?

በአንድ ክፍል ብዙ ሆነን የምናድር፣ ከአገር አገር የምንዘዋወር ሰዎች ነን። ባለማወቅ በሽታ ወደ ቤታችን ይዘን ልንገባ እንችላለን። ስለዚህ የሚሰጠንን ክትባት ሰበብ ሳንፈጥር እንውሰድ። ትኩሳትና ሽፍታ የያዘው ባልደረባ ፈቃድ ከመሄዱ በፊት ወደ ክፍሉ ሐኪም ይቅረብ፤ ቤቱ ነፍሰ ጡር ካለችም ይህንኑ ይናገር። ከመናፈቅ የተነሣ አንድ ሳምንት መታገሥ የማይችል አባት ዕድሜ ልክ የሚያስጸጽት ነገር ሊያደርስ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ወታደር በሚስቱ ላይ ፍርድ ከመስጠት ይቆጠብ። ቫይረስ የሚስትን ምግባር አይቶ አይመጣም። በገበያ፣ በአውቶቡስ፣ በልጅ ምራቅ፣ በትንኝ ንክሻ፣ በራሱ በባል እስትንፋስም ይመጣል። የማይሰማ ልጅ ሁሉ ደግሞ በቫይረስ የተጎዳ አይደለም። በዘር የሚወረስ አለ፤ ከልደት በኋላ በማጅራት ገትር የሚመጣም አለ። ምክንያቱን ሳያውቁ መወንጀል በጨለማ መተኮስ ነው፤ የሚመታውም የገዛ ወገን ነው።

ለጠየቀችው እናት የተሰጠ መልስ

ያች እናት በጤና ባለሙያው ፊት ተቀምጣ ስትጠየቅ አንድ ነገር አስታወሰች። ቡሪ ሳሉ፣ በሦስተኛ ወሯ ገደማ፣ ቀላል ትኩሳትና ከፊቷ ጀምሮ ወደ ደረቷ የወረደ ቀላ ያለ ሽፍታ ይዟት ነበር። በሦስተኛው ቀን ለቀቃት፤ ሙቀት ነው ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከእርሷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ባሏንም እንዲሁ አድርጎት እንደነበር የተናገረው ግን እርሷ አይደለችም፤ አጠገቧ ተቀምጦ የነበረው ባሏ ራሱ ነው።

ባለሙያው እውነቱን ሳይሸሽግ ነገራቸው። «ሩቤላ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ግን በእርግጥ ማረጋገጥ አይቻልም። እንዲህ ያለው ምርመራ ልጁ እንደተወለደ ሰሞኑን መደረግ ነበረበት። በእርግጥ ልነግራችሁ የምችለው ሁለት ነገር ነው። በሽታው ሩቤላ ከነበረ አንድ ጊዜ ያለፈበት ሰው በአብዛኛው መከላከያ ስለሚያበጅ ለሁለተኛው ልጅ ስጋቱ እጅግ ያነሰ ነው። ሌላው፣ ከሁለታችሁ ጥፋተኛ የሚባል የለም።»

ባልየው ለረጅም ጊዜ ወለሉን ሲያይ ቆየ። ከዚያ «እኔ ነኝ ያመጣሁት ማለት ነው?» አለ። ሚስቱም ቀልጠፍ ብላ፣ «ጥፋተኛ የለም ብለውሃል እኮ! አሁን ሰማህ አይደል?» አለችው። ለወራት ስትጠብቀው የነበረውን ቃል መልሳ ለእርሱ ሰጠችው።

የማይሰማ ልጅ የማይማር ልጅ አይደለም። የሕፃን አንጎል ቋንቋን የሚቀበለው በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይንም ነው፤ የምልክት ቋንቋ በለጋ ዕድሜው የተማረ ልጅ አእምሮው እንደ እኩዮቹ ይጎለብታል። የሚጎዳው ያለ ቋንቋ ተዘግቶበት የሚያድግ ልጅ ነው። ስለዚህ ከጀርባው ሲያጨበጭቡለት የማይዞር፣ በዓመቱ ምንም ቃል መኮላተፍ ያልጀመረ ሕፃን ያለው ቤተሰብ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» እያለ ጊዜ ሳያጠፋ ያስመርምረው።

የዚያ ቤት ልጅ ዛሬ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል ገብቷል። አባቱ ከጥበቃ ተራው ሲመለስ ልጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በቀን አንድ አንድ ምልክትም ያስተምረዋል። እስካሁን «ውሃ»፣ «እናት» እና «ና» የሚሉትን አውቋል። በሚቀጥለው የክትትል ቀን ባለቤቱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያው ለመሄድ ከአለቃው ፈቃድ ጠይቋል፤ ፈቃዱም ተሰጥቶታል።

እነሆ፣ ጓዶች፣ በየቤታችን ያለች ነፍሰ ጡር ዛሬ ስንተኛ ወሯን እንደያዘች የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?